ምዕራፍ 6፦ ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ከባድ ድምፅ

ሄቪ ሜታል የሚወድ ሰው ስታገኙ «ማን አሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ጊዜ የሰው ስም ነው፤ ታላቅ ወንድም፣ የክፍል ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ፣ ለክረምት ከውጭ የመጣ የአክስት ልጅ። ሠርግ ላይ ጨፍሬበት ወይም ታክሲ ውስጥ ሳላስበው ለምጄው ነው የሚል እምብዛም አይገኝም። ሌላውን ሙዚቃ መንገዱም፣ ሬዲዮውም፣ ጎረቤቱም ያሰማናል። ይህኛውን ግን አንድ ሰው አምጥቶ «እስቲ ይህን ስማው» ካላለን በቀር በበራችን አልፎ ይሄዳል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሰው ነው፤ ስለ አሰሚው።

አሰሚ ለምን አስፈለገ? መጀመሪያ የሚሰማው ሰው ጆሮ ላይ የሚደርሰው የተደባለቀ ጩኸት ስለሆነ ነው። ከበሮው ከጊታሩ በምን እንደሚለይ፣ ድምፃዊው ይዝፈን ይቆጣ አይታወቀውም። በአውስትራሊያ የማኳሪ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ቶምሰንና ባልደረቦቹ በ2018 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት ዴዝ ሜታል የሚባለውን እጅግ የከበደ ዘርፍ ለወዳጆቹም ለማይወዱትም አሰምተው የተሰማቸውን ጠየቁ። የማይወዱት ውጥረት፣ ፍርሃትና ቁጣ ተሰማን አሉ። ወዳጆቹ በዚያው ሙዚቃ ኃይልና ደስታ፣ እንዲያውም ሰላም እንደሚያገኙ ተናገሩ። ከሙዚቃው አንዲት ኖታ አልተለወጠችም፤ የተለየው ሰሚው ነው።

ከአንደኛው ወገን ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው በአብዛኛው መደጋገም ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ሮበርት ዛዮንክ በ1968 እንዳሳየው፣ ሰው ደጋግሞ ያየውንና የሰማውን ነገር በመልመዱ ብቻ ወደ መውደድ ያደላል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የጎረበጠውን ድምፅ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ለመስማት ማን ይቀመጣል? እኔ እስከማውቀው ሰው ይህን የሚያደርገው ስለ ሙዚቃው ብሎ አይደለም። ስለ ጓደኛው ብሎ ነው። የሚያከብረው ሰው ወዶት ሲያይ «እኔ ያልሰማሁት ምን አለ?» ይላል፤ ያቺ ጥያቄ ደግሞ ሌላ አምስት ደቂቃ ታስቀምጠዋለች።

አሰሚው ምን እንደሚያሰማ ለመረዳት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ጊታር አውታር ብቻውን ሲመታ ቀጭንና ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ነው ያለው። ክብደቱ የሚጨመረው ማጉያው ውስጥ ነው። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ሞገድ እንዳለ ማሳለፍ ስለሚያቅተው ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። ሞገዱ ሲቆረጥ በዋናው ድምፅ ላይ ቀድሞ ያልነበሩ ከፍ ከፍ ያሉ ድምፆች ይወለዳሉ፤ ጆሯችንም ሻካራ ብሎ ይቀበላቸዋል። ዲስቶርሽን የሚባለው ይህ ነው። ደካማውና ጠንካራው ምት ስለሚቀራረብም ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ ይጎተታል፣ ይቆያል። ሙዚቀኞች ይህን ሻካራነት ሆን ብለው ሲፈልጉት ቆይተዋል። የእንግሊዙ ኪንክስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ በ1964 ለወጣው ታዋቂ ዘፈናቸው የማጉያውን ድምፅ ማውጫ በምላጭ ሰንጥቆ ነው ያንን የሚቧጥጥ ድምፅ ያገኘው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሄቪ ሜታል ጊታር ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ድምፆችን ብቻ ነው፤ መነሻውንና አምስተኛውን። ለምሳሌ አንዱ በሰከንድ 110 ጊዜ፣ ሌላው 165 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ይሁን። እነዚህ ሁለቱ በተገፋ ማጉያ ውስጥ አብረው ሲያልፉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ራሱ ድምፅ ሆኖ ይወጣል፤ 55። ይህ ከመነሻው ድምፅ አንድ ስምንትዮሽ (ኦክታቭ) ዝቅ ያለ ነው፤ ጣት ያልነካው፣ አውታር ያልሰጠው ድምፅ። ደረት ላይ የሚሰማን ያ ግፊት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው። መሣሪያው ራሱ ከተጫወቱበት በላይ ይመልሳል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አሁንም እደነቃለሁ።

ለእኛ አገር ጆሮ ይህ ሁሉ ፈጽሞ ባዕድ ነው ብዬ አላምንም። በገናን አስቡት። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካካ ስለሚርገበገብ ያ የምናውቀው የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ይወጣል። ደርዳሪው መሣሪያውን ሲያዘጋጅ አውታሩን ከመቃኘት ሌላ እንዚራዋንም ትክክለኛው ንዝረት እስኪመጣ ድረስ ወዲያና ወዲህ ያስተካክላታል። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ የዐቢይ ጾም ድምፃችን ነው፤ ከሮክ መድረክ ጋር አንድ ላደርገው አልፈልግም፣ አይገባምም። እዚህ ያነሳሁት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ጥርት ያለውን ድምፅ ትተው የሚነዝረውን፣ ዝቅ ያለውን፣ ሰውን ጸጥ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ክብደት የመረጡ አባቶች ልጆች ነን። «ከባድ ድምፅ» ምን እንደሆነ ከፈረንጅ አልተማርንም።

ሄቪ ሜታል ግን የተወለደው በእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም ነው። ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ የብረት ላሜራ በሚቆረጥበት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለነበር አውታር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው፤ ጉዳቱ የጊታር ሕይወቱን የሚያበቃ መሰለ። በዚህ ጊዜ የፋብሪካው አለቃ አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ። ወጣቱ ሙዚቃ የመስማት ፍላጎት አልነበረውም፤ አለቃው ግን ስማው አለው። ሸክላው የጃንጎ ራይንሃርት ነበር፤ በ1928 የሚኖርበት ጋሪ ሲቃጠል የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት በቀሩት ሁለቱ ብቻ ፈጣን ዜማ የሚያፈልቅ የጃዝ ጊታር ሊቅ።

አዮሚ ወደ ጊታሩ ተመለሰ። የፈሳሽ ሳሙና መያዣ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ እንዳይንሸራተት ቆዳ አለበሰው። ቀጫጭን አውታሮችን ፈልጎ አሰረ። በ1971 በወጣው፣ እሱ የሚጫወትበት የብላክ ሳባዝ ባንድ ሦስተኛ አልበም ላይ ደግሞ አውታሮቹን ከተለመደው ቅኝት አንድ ድምፅ ተኩል ዝቅ አደረጋቸው፤ ላልተው ለጣቱ ቀለሉለት፣ ድምፃቸውም ወፈረ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ባንዶች ቅኝታቸውን ይበልጥ እያወረዱ እዚህ ደርሰዋል። የዚህ ሁሉ መነሻ ላይ አንድ ሰው ለተጎዳ ልጅ ያመጣው ሸክላ አለ። የሄቪ ሜታልን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አደጋውን አብዝተው ይተርካሉ፤ እኔ ግን አለቃውን አብዝቼ አስበዋለሁ። መስማት ያልፈለገ ሰው አጠገብ ሸክላ ይዞ መቆም ትልቅ ፍቅር ይጠይቃል።

«የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚለው ነገር መነሳቱ ስለማይቀር እዚሁ ልመልሰው። የብላክ ሳባዝ ስም የተወሰደው በ1963 ከወጣ አስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው። አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገ ሰው ነው፤ ግጥሞቹም ጦርነት ለሚለኩሱ ባለሥልጣናት ተግሣጽ፣ በሱስ ለተያዘ ሰው ማስጠንቀቂያ ያለባቸው ናቸው። በኋላ ዘመን ሆን ብለው በዚያ መንገድ የሄዱ ባንዶች አሉ፤ አልክድም። በእነሱ ሁሉን መፍረድ ግን ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ካሴቱ እንምጣ፤ እኔ ከዚህ ሙዚቃ ታሪክ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር አዳዲስ ባንዶች እንደ አሸን ፈሉ። አብዛኞቹን ትልልቆቹ ኩባንያዎች አላተሟቸውም፣ ሬዲዮውም እምብዛም አላጫወታቸውም። ወጣቶች ግን የራሳቸውን መንገድ ዘረጉ። በእጅ የተባዙ ትንንሽ መጽሔቶች ላይ አድራሻ ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ ያለውን ካሴት ዝርዝር ጽፎ ለሌላው በፖስታ ይልካል፤ ከአንተ ይህን ላክልኝ፣ ከእኔ ያንን ልላክልህ ይባባላሉ። ገንዘብ እምብዛም አይገባበትም። ካሴት አንድ ለአንድ ነው የሚለወጠው። ከኮፐንሃገን ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከዚያ ወደ ኒው ጀርሲ፣ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች በዚህ መንገድ ተወዳጁ። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ ከጀርባ የሚሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ ስለሚጨምር፣ ጆሮው የሠለጠነ ሰው አንድ ቅጂ በስንት እጅ እንዳለፈ በዚያ ድምፅ ይገምት ነበር።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ላርስ ኡልሪክ ነው። ከዴንማርክ ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣው በ1980 ሲሆን፣ በአካባቢው የእንግሊዞቹን ባንዶች የሚያውቅ ሰው ማግኘት ቸግሮት ነበር። በ1981 ክረምት ዳይመንድ ሄድ የሚባለውን ባንድ ለማየት ብቻውን እንግሊዝ ድረስ ሄደ፤ ባንዱም ቤቱ አስገብቶ ለሳምንታት አኖረው። ተመልሶ ሲመጣ ከጄምስ ሄትፊልድ ጋር ሜታሊካን መሠረተ፤ መጀመሪያ ላይ መድረክ ሲወጡ ይጫወቷቸው ከነበሩት ዘፈኖች ብዙዎቹ የዳይመንድ ሄድ ናቸው። የካሴት ጓደኛው ብራያን ስሌገል በ1982 የማይታወቁ ባንዶችን ሰብስቦ ሸክላ ሲያሳትም ለሜታሊካ ቦታ ሰጠው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ባንዱ ሰባት ዘፈኖች ያሉበት የሙከራ ካሴት ቀዳ። ኩባንያ አላሳተመውም፤ ጓደኛ ለጓደኛ እየቀዳ አዳረሰው። አንዱ ቅጂ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ሸክላ ይሸጡ ከነበሩት ከጆን ዛዙላና ከባለቤቱ ከማርሻ እጅ ገባ። ባልና ሚስቱ ባንዱን ወደ ምሥራቅ ጠሩት፤ የሚያሳትምላቸው ሲያጡም ሜጋፎርስ የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው የሜታሊካን የመጀመሪያ አልበም በሐምሌ 1983 አወጡ። ዓለም የሚያውቀው ግዙፍ ባንድ ከዚያ በፊት በቅጂ ካሴት ነበር የሚታወቀው።

ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ደርግ ከመጣ በኋላ ሸክላ ማሳተም እየቀረ ካሴት ነግሦ ነበር፤ ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ የዘፈን ዝርዝር ሰጥቶ ማስቀዳት የአንድ ትውልድ ልማድ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ያላገኘውን ደግሞ ሰው ያመጣዋል። ለእኔ ያመጣው ወንድሙ ዋሽንግተን የሚኖር የክፍል ጓደኛዬ ነው። ካሴቱን ግን እንዲሁ አልሰጠኝም፤ ቤቱ ወስዶ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝና አብሮኝ ሰማ። ቤዙ ብቻውን ሊወጣ ሲል ጣቱን ያነሳል። «አሁን! ከታች ያለውን ስማ።» ሁለት ጊታሮች ሲለያዩ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጁ ያሳየኛል። ከበሮው ሲፈጥን ጉልበቴን መታ መታ ያደርጋል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ተከፈለና አራት ሰዎች ሲጫወቱ ሰማሁ።

ጓደኛዬ ያደረገውን ነገር በኋላ የድምፅ ሥነ ልቦና መጽሐፍ ሳነብ አገኘሁት። በካናዳ የመጊል ዩኒቨርሲቲው አልበርት ብሬግማን በ1990 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ጆሯችን የሚደርሰው አንድ የተደባለቀ ሞገድ ነው፤ ያንን ወደ ተለያዩ ምንጮች የሚለያየው አእምሯችን ነው። ከፊሉ የመለየት ሥራ በራሱ ይከናወናል፤ ከፊሉ ግን ትኩረትና ዕውቀት ይፈልጋል። ምን መስማት እንዳለበት የተነገረው ሰው ከድብልቁ ውስጥ ያንኑ ነጥሎ ያወጣዋል። የጓደኛዬ ጣት ይህንን ነው የሠራችው። ለዚህ ነው «ይህን ስማ» ብሎ ሰጥቶ መሄድና አብሮ ተቀምጦ ማሰማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምለው።

ሜታሊካ በሚያዝያ 2000 ናፕስተር የተባለውን የኢንተርኔት የዘፈን መለዋወጫ ሲከስስ ብዙ ወዳጆቹ አዘኑ፤ በቅጂ ያደገ ባንድ ቅጂን እንዴት ይከስሳል አሉ። እኔ ባንዱ ስለ ሥራው ባለቤትነት ያነሳው ክርክር ተገቢ ነበር እላለሁ፤ የካሴት ልውውጡና ናፕስተር አንድ አይደሉምና። የ60 ደቂቃ ካሴት በተለመደው ዴክ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቀጂው ያንን ሰዓት ለአንድ ለሚያውቀው ሰው ሲል ይሰጣል፤ የዘፈኖቹን ስም በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ በተረፈችው ቦታ ላይ ሌላ ምን ልጨምርለት ብሎ ያስባል። ተቀባዩም ይህን ስለሚያውቅ ሳይሰማው አያድርም። አሁን በቴሌግራም የሚላክልን ዘፈን በሰከንድ ይደርሳል፤ ሳንከፍተው ከሌሎቹ ሥር ይቀበራል። ቴክኖሎጂውን አልጠላም፤ በልጅነቴ ቢኖር በተደሰትሁ ነበር። ያቺ አንድ ሰዓት ግን በሌላ መንገድ መተካት አለባት።

ወላጆች የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ቁጣ ልጃችንን ያስቆጣዋል ብለው ይሰጋሉ። የክዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊያ ሻርማንና ጄነቪቭ ዲንግል በ2015 ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆናቸውን 39 የከባድ ሙዚቃ ወዳጆች ያናደዳቸውን ነገር እንዲያወሩ አደረጉ፤ ከዚያ ከፊሎቹ የራሳቸውን ሙዚቃ ሰሙ፣ ከፊሎቹ በጸጥታ ተቀመጡ። ሙዚቃውን የሰሙት ቁጣ አልጨመሩም፤ ብስጭታቸው ቀነሰ፣ መነቃቃትም ተሰማቸው። ጥናቱ የተደረገው ሙዚቃውን በሚወዱ ሰዎች ላይ መሆኑን ልብ በሉ፤ የተናደደ ሰው ጆሮ ላይ የማያውቀውን ዴዝ ሜታል ክፈቱበት የሚል የለም። ለልጆቻቸው ለሚጨነቁ እናትና አባት የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ «የምትወደውን አሰማኝ» በሉትና አብራችሁ ተቀመጡ።

ለማሰማት የምትፈልጉ ካላችሁ በመጀመሪያ ስልካችሁን ከእጃችሁ አስቀምጡ። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ያ 55 ያልነው ጨርሶ አይወጣበትም። የሚቀረው ሻካራው ብቻ ይሆናል፤ ጓደኛችሁም «ይቧጥጣል» ቢል እውነቱን ነው። ደህና ሄድፎን ወይም እውነተኛ ስፒከር ፈልጉ። ድምፁን ግን አለልክ አትክፈቱት። በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ግን በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜውን በግማሽ እየቀነሱ መቁጠር በሥራ ጤንነት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ልክ ነው። በ94 አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል ማለት ነው።

ፈጣኑን አታስቀድሙ። እኔ የምጀምረው በ1970 ከወጣው የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ነው፤ በዝናብና በደወል ይጀምራል፣ ዋናው ሐረግ ሦስት ኖታ ብቻ ነው፣ እጅግም ዝግ ያለ ነው፤ ማንም ሰው ሊከተለው ይችላል። ጩኸታም ድምፃዊ ለሚያስቸግረው ደግሞ በ1986 ሜታሊካ ያወጣው «ኦራየን» አለ፤ ስምንት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ዘፋኝ የለበትም፤ ቤዙን ክሊፍ በርተን ነው የሚጫወተው። ከዚያ ጃኖ ባንድን አስገባለሁ። በ2012 የወጣው «ኤርታሌ» አልበማቸው በአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል የተሠራ ነው፤ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያን በከባድ ጊታር ላይ በአማርኛ ያዜማሉ። ብዙዎቹ የሮክ ሐረጎች አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ላይ የቆሙ ናቸው፤ የእኛም ትዝታና ባቲ አምስት ድምፅ ናቸው፤ ጓደኛችሁ ጊታሩን ረስቶ ዜማውን ሲያንጎራጉር ታገኙታላችሁ።

ሦስት ጊዜ ሰምቶ ካልወደደው ተውት። ከዚያ እንደ ካሴት ለዋጮቹ አንድ ለአንድ ነውና እሱ የሚወደውን ያሰማችሁ፤ እናንተም በዚያው ትዕግሥት ተቀመጡ። ሄቪ ሜታል እስካሁን ያልገባው አንድ ወዳጅ አለኝ። በልዋጩ የአለሙ አጋን በገና አሰማኝ፤ ዝቅተኛው አውታር ሲመታ ክንዴን ይዞ አስቆመኝ። እንዚራ ምን እንደሆነች ያስረዳኝ እሱ ነው።